ኮከቡ ሲነካ ፊሽካ፣ ኮከቡ ሲደክም ወንበር፦ ይህ ነገር ልክ ነው ትላላችሁ?

ሦስተኛው ሩብ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ለመጻፍ አንድ ወር ሙሉ ሳመነታ ነበር፣ ዛሬ ግን ልተንፍሰው።

ለልጄ 10ኛ ዓመት ልደት የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ጨዋታ ቲኬት ገዛሁለት። ገና አራት ወር ሲቀረው ነው የገዛሁት። ልጁ ስለ አንድ ተጫዋች ብቻ ነው የሚያወራው፣ ማሊያውን ለብሶ ነው የሚተኛው። አዳራሹ ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ተጫዋቹ እንደማይሰለፍ ሰማን። አልተጎዳም። ባለፈው ምሽት ሌላ ከተማ ላይ ረጅም ደቂቃ ስለተጫወተ ዛሬ ይረፍ ተብሎ ነው። ልብሱን ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየነው። ልጄ አላለቀሰም። «አባዬ፣ አሞት ነው?» ብቻ አለኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት ጠፋኝ።

እዚያው ጨዋታ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። የተጋጣሚው ቡድን ኮከብ ወደ ቅርጫቱ በሮጠ ቁጥር ፊሽካ ይነፋል። አንድ ወጣት ተከላካይ እጁን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ቆሞ እንኳ ፋውል ተባለበት። ያው ልጅ በሌላኛው በኩል ኳስ ይዞ ሲገባ ክንዱን ተመታ፣ ዳኛው ዝም አለ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሰዎች «ስም ሲኖርህ ነው እንዲህ የሚነፋልህ» ሲሉ ሰማሁ።

እና ሁለቱን አንድ ላይ ሳስባቸው ደሜ ፈላ። ኮከቡ ሜዳ ላይ ሲሆን ዳኛው ይጠብቀዋል፣ ከሜዳ ውጭ ሲሆን ክለቡ ይጠብቀዋል። ከፍሎ የመጣውን ሰው የሚጠብቀው ማን ነው? ዳኞች እውነት ለኮከብ ያደላሉ ወይስ እኛ ነን እንደዚያ የምናየው? ጤነኛ ተጫዋች ማሳረፍስ ጨርሶ መከልከል የለበትም? ሐሳባችሁን ንገሩኝ፣ ብሳሳትም አርሙኝ።

ፊሽካ ነፊው

ወንድሜ፣ የልጁ ነገር በጣም ነው ያሳዘነኝ። ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ሌሎች ይናገሩ፣ ስለ ዳኝነት ግን የማውቀውን ልበል። ዘጠኝ ዓመት በአማተር ውድድሮች ላይ ዳኝቻለሁ።

መልሱ አዎ ነው፣ ግን አንተ በምታስበው መንገድ አይደለም። ማንም መጥቶ ለእሱ ንፋለት አይልህም። የሚሆነው እንዲህ ነው። ግጭቱን ለማየት ያለህ ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። አሥር ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ግማሹን ጀርባ ይከልልብሃል። ስለዚህ አእምሮህ ቀድሞ ይጠብቃል። ይህ ሰው ወደ ቀኝ ይገባል፣ ተከላካዩ ይዘገያል፣ ክንዱን ይመታዋል ብለህ ጠብቀሃል። ከዚያ የጠበቅከውን ነገር ያየኸው ይመስልሃል።

እኔ ላይ ደርሷል። የውድድሩ ትልቁ ነጥብ አስቆጣሪ ሲገባ ነፋሁ፣ በእርግጠኝነት ነው የነፋሁት። በኋላ ቪዲዮውን ሳየው በሁለቱ መካከል አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ነበር፣ ጨርሶ አልተነካካም። ያ ተከላካይ በአምስተኛ ፋውሉ ከጨዋታ ወጣ። ሲወጣ ምንም አላለኝም፣ ዝም ብሎ አየኝ። ፊቱ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ግን ሌላም ነገር አለ። ኮከብ ተጫዋች ኳስ ይዞ ወደ ቅርጫቱ የሚገባው ከሌላው እጥፍ ነው። በብዛት ከገባህ በብዛት ትመታለህ። ስለዚህ የነፃ ውርወራ (ፋውል ሲሠራብህ የምታገኘውን) ቁጥር ብቻ ቆጥረህ አድልዎ ነው ማለት አትችልም። በዚያ ላይ አንዳንድ ኮከቦች የሚጎዱት በተቃራኒው ነው። ሻኪል ኦኒልን አስታውሱ፣ ሁለት ሰው ተንጠልጥሎበት እንኳ አይነፋለትም ነበር፣ ምክንያቱም ሰውነቱ አይነቃነቅም።

ደግሞ በጃንዋሪ 2023 ሌከርስ ቦስተን ላይ የተጫወተውን አትርሱ። 105 ለ105 ነው፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው፣ የሌከርሱ ሌብሮን ጄምስ ገብቶ ሲወረውር የቦስተኑ ጄይሰን ቴተም ክንዱን መታው። ሁሉም ሰው አየ፣ ሦስቱ ዳኞች አላዩም። ሌብሮን መሬት ላይ ተንበረከከ። ፓትሪክ ቤቨርሊ የፎቶ አንሺ ካሜራ ተውሶ ለዳኛው ሊያሳየው ሄደና ቴክኒካል ፋውል (የሥነ ሥርዓት ጥፋት) ተቆጠረበት። ቦስተን በጭማሪ ሰዓት 125 ለ121 አሸነፈ። የዳኞቹ ማኅበር በኋላ ስህተት መሆኑን በይፋ አመነ። ከሌብሮን የበለጠ ኮከብ ማን አለ?

ቤዝላይን

@ፊሽካ ነፊው ቅንነትህን አከብራለሁ፣ ግን አንድ የሌብሮን ጨዋታ ጠቅሰህ ሃያ ዓመት አታስረሳን። እኔ የሳክራሜንቶ ደጋፊ ነኝ። 2002፣ የምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ ከሌከርስ ጋር፣ ስድስተኛው ጨዋታ። ሌከርስ በአራተኛው ሩብ ብቻ 27 ነፃ ውርወራ አገኘ። በአንድ ሩብ! መጨረሻ ላይ ኮቢ ብራያንት የኛን ማይክ ቢቢን በክርኑ ፊቱን መታው፣ አፍንጫው ደማ፣ ፋውሉ የተነፋው በቢቢ ላይ ነው። 106 ለ102 ተሸነፍን። ያኔ ያለፈ ቡድን ዋንጫውን ይወስዳል ይባል ነበር፣ ሌከርስም ወሰደው። ያ ቡድናችን ከዚያ በኋላ እንደዚያ አልተመለሰም።

2006ንም እዩት። ማያሚና ዳላስ፣ አምስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ። የማያሚው ድዌይን ዌድ ብቻውን 25 ነፃ ውርወራ ወረወረ። የዳላስ ቡድን ሙሉ የወረወረው 25 ነው። ማያሚ በጭማሪ ሰዓት በአንድ ነጥብ አሸነፈ። ዌድ ድንቅ ነበር፣ አልክድም፣ ግን አንድ ሰው ከአንድ ቡድን ጋር እኩል?

ከዚያ የቲም ዶናጊ ነገር መጣ። ራሱ በሚዳኛቸው ጨዋታዎች ላይ ሲወራረድ የነበረ ዳኛ ነው፣ በ2008 15 ወር ተፈረደበት። እሱ የ2002ቱን ጨዋታ አልዳኘም፣ ሊጉም ክሱን ሁሉ ክዷል፣ እኔም ዶናጊ ያለውን ሁሉ አላምንም። ግን አንዴ እምነት ከተሰበረ ደጋፊው እያንዳንዱን ፊሽካ በጥርጣሬ ነው የሚሰማው።

ይኼ የሚስተካከል ነገር መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል። ጄምስ ሃርደን በ2018-19 በጨዋታ 36.1 ነጥብ ሲያስቆጥር በአማካይ 11 ነፃ ውርወራ ነበረው። ክንዱን በተከላካዩ ክንድ ውስጥ እየጠለፈ፣ ወደ ጎን እየዘለለ ሰው ላይ እየተጋጨ። ተመልካቹ ስንት ዓመት ጮኸ! በ2021 ሊጉ የኳስ እንቅስቃሴ ያልሆነ ነገር አድርጎ ፋውል የሚለምን አጥቂ አይነፋለትም አለና ነገሩ በአንድ ሲዝን ተቀየረ። በሌላውም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው።

ፊሽካ ነፊው

@ቤዝላይን የ2002ቱን ጨዋታ እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የቢቢን ፋውል ለማስረዳት የሚያስችል ቃል የለኝም፣ ጥፋት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያኔ የአሰልጣኝ ቻሌንጅ (አሰልጣኙ ውሳኔው በቪዲዮ እንዲታይ የሚጠይቅበት) አልነበረም፣ የመጣው በ2019-20 ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ሊጉ የተቀራረቡ ጨዋታዎችን የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ እየገመገመ ስህተቱን በማግሥቱ ያወጣል። ውጤቱን አይቀይርም፣ አውቃለሁ። ግን ስህተትህ ነገ በጽሑፍ እንደሚወጣ ስታውቅ ስም አይተህ ለመንፋት ትፈራለህ። እኔ እንደዚያ ዓይነት ነገር ቢኖረኝ ኖሮ ያንን ልጅ አላስወጣውም ነበር ብዬ አስባለሁ።

የጅማት ነገር

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ። መጀመሪያ «ጤነኛ» የሚለው ቃል ላይ እንነጋገር። ጅማትና ጡንቻ ሲደክም ሁልጊዜ አያምም። ሰውየው ሲስቅ ታየዋለህ፣ ሲራመድ ታየዋለህ፣ ባቱ ውስጥ ግን ትንሽ መሰንጠቅ ሊኖር ይችላል። የሚታወቀው ሲበጠስ ነው።

ኬቨን ዱራንትን አስቡት። በ2019 ባቱን ተጎድቶ አንድ ወር ገደማ ቆየ። ቡድኑ በፍጻሜው 3 ለ1 እየተመራ ሳለ ተመልሶ ገባ፣ 12 ደቂቃ ያህል ተጫውቶ የአኪለስ ጅማቱ (ከተረከዝ በላይ ያለው) ተበጠሰ። ቀጣዩን ሲዝን በሙሉ አልተጫወተም። በ2025 ታይሪስ ሃሊበርተን በፍጻሜው አምስተኛ ጨዋታ ላይ ባቱን አመመው፣ ቀጠለ፣ በሰባተኛው ጨዋታ የመጀመሪያ ሩብ ላይ የአኪለስ ጅማቱ ተበጠሰ። ሁለቱም በፍጻሜ ላይ ስለሆነ ማንም አይወቅሳቸውም፣ እኔም አልወቅስም። ግን ባት ሲያም ሰውነት እየተናገረ ነው። በጃንዋሪ አንድ ተራ ማክሰኞ ምሽት ላይ እሱን የሚሰማ ሐኪም ካለ እኔ አመሰግነዋለሁ።

የጨዋታው ቁጥር ብቻም አይደለም ችግሩ፣ መጠጋጋቱ ነው። በ2011-12 በሥራ ማቆም ውዝግብ ምክንያት ሲዝኑ ወደ 66 ጨዋታ አጠረ፣ ግን አራት ወር ውስጥ ጠቀጠቁት። ዴሪክ ሮዝ ያን ዓመት ደጋግሞ ተጎዳና 39 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። በፕሌይኦፉ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ያለው የጥሎ ማለፍ ውድድር) የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ቡድኑ በ12 ነጥብ እየመራ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቀር የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ። ከአንድ ዓመት በፊት በታሪክ በዕድሜ ትንሹ ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) የነበረ ልጅ ነው።

አሁን ደግሞ የሚቃወመኝን ነገር ራሴ ልናገር፣ መደበቅ አልወድም። በ2024 መጀመሪያ ሊጉ ያስጠናው ሪፖርት ወጥቶ ነበር፣ ማሳረፍ ጉዳትን እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘንም ይላል። ብዙ ሰው ይህን ይዞ «በቃ፣ ውሸት ነበር» አለ። እኔ ግን እንዲህ አየዋለሁ። የሚያርፉት እነማን ናቸው? ቀድሞውኑ ጉልበታቸው የደከመ፣ ቀዶ ጥገና ያለፉ ሰዎች ናቸው። ሐኪም ቤት የተኙ ሰዎች ውጭ ካሉት በላይ ቢታመሙ መተኛቱ አሳመማቸው አይባልም። ከማሳረፉ ጋር ቢጎዱም ሳያርፉ ምን ይሆኑ እንደነበር ማንም አላየም።

ጋሽ ሪባውንድ

ልጆች፣ የምትሉትን ሁሉ አነበብኩ። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ይቅርታ አድርጉልኝና በግልጽ ልናገር። ማይክል ጆርዳን በቺካጎ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት 82፣ 82፣ 82 ጨዋታ፣ የሲዝኑን ሁሉ፣ ተጫወተ። በመጨረሻው ሲዝን 35 ዓመቱን ደፍኖ ነበር። ሦስቱንም ዓመት ዋንጫ ወሰደ። ኤ ሲ ግሪን የሚባል ሰው ነበር፣ ኮከብ እንኳ አይደለም፣ 1,192 ጨዋታ ሳያቋርጥ ተጫወተ። ጥርሱን አጥቶ ሁሉ ተጫውቷል።

እነዚህ ሰዎች ያኔ የዛሬው ሕክምና አልነበራቸውም። የዛሬዎቹ የራሳቸው ሐኪም፣ የራሳቸው ወጌሻ፣ የራሳቸው ምግብ አብሳይ አላቸው። ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ሊያይህ ከሩቅ ሲመጣ፣ ለዚያ ሰው ስትል ተነስተህ 25 ደቂቃ ተጫወት። ያ የሙያ ክብር ነው። የዚህ ወንድማችን ልጅ ያንን ምሽት ዕድሜውን ሙሉ ያስታውሳል፣ እኔ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ኮርነር ሦስት

ጋሼ፣ ስለ ልጁ ያሉት ልክ ነው፣ ስለ ጆርዳን ግን ትንሽ ልከራከርዎ። ያኔ ብዙው ጨዋታ ቅርጫቱ ሥር ነበር የሚያልቀው። ዛሬ አምስቱም ሰው ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ይቆማል። ተከላካዩ ከቅርጫቱ ሥር እስከ ሜዳው ጥግ (ኮርነር) ድረስ በእያንዳንዱ ኳስ ይሮጣል፣ ቆም ይላል፣ ይዘላል፣ መልሶ ይሮጣል። ግፊያው ቀንሷል፣ ሩጫውና ድንገተኛ ማቆሙ ግን ጨምሯል። ጉልበትና ባት የሚጎዳው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። የሲዝኑ ጨዋታ ቁጥር ግን ከ1967-68 ጀምሮ ያው 82 ነው።

ማሳረፉን የጀመሩት ሰነፎች እንዳልሆኑም ማየት ጥሩ ነው። በኖቬምበር 2012 የሳን አንቶኒዮው አሰልጣኝ ግሬግ ፖፖቪች ቲም ደንካንን፣ ቶኒ ፓርከርን፣ ማኑ ጂኖቢሊንና ዳኒ ግሪንን ከማያሚ ጨዋታ በፊት አውሮፕላን አሳፍሮ ወደ ቤታቸው ላካቸው። በአምስት ምሽት አራተኛ ጨዋታቸው ነበር። በመላ አገሪቱ የሚተላለፍ ጨዋታ ስለነበር ኮሚሽነር ዴቪድ ስተርን ክለቡን 250,000 ዶላር ቀጣው። የተረፉት ልጆች ግን ማያሚን አስጨንቀው 105 ለ100 ነው የተሸነፉት። በ2013-14 ያው ቡድን በጨዋታ በአማካይ 30 ደቂቃ የተጫወተ አንድም ሰው ሳይኖረው 62 አሸንፎ በፍጻሜው ማያሚን 4 ለ1 ቀጣ። ካዋይ ሌናርድም በ2018-19 ለቶሮንቶ ከ82ቱ 60 ብቻ ተጫወተ። ከዚያ በፕሌይኦፉ 24ቱንም ጨዋታ ተሰልፎ ዋንጫ አመጣላቸው። የቶሮንቶ ደጋፊን ያቺ 22 ጨዋታ ትቆጭሃለች ወይ ብላችሁ ጠይቁት።

ስለዚህ ጥፋተኛው ተጫዋቹ ብቻ አይመስለኝም። በ2023 ሊጉ ሕግ አወጣ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ኦል ስታር (ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ) ወይም ኦል ኤንቢኤ (በዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ የገባ) የነበረ ሰው ኮከብ ይባላል፣ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ከአንድ በላይ ኮከብ ማሳረፍ አይችልም፣ በመላ አገሪቱ በሚተላለፉት ጨዋታዎች ላይ መገኘት አለባቸው። ቅጣቱ ከ100,000 ዶላር ይጀምራል። በዚያው ዓመት ደግሞ ኤምቪፒና ሌሎች ሽልማቶችን ለማግኘት 65 ጨዋታ መጫወት ግድ ሆነ። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል አይደል? ጆኤል ኤምቢድን ግን እዩት። በጃንዋሪ 2024 በአንድ ጨዋታ 70 ነጥብ አስቆጠረ። ጉልበቱ እያስቸገረው ነበር፣ የ65ቱ ቁጥርም እየቀረበው ነበር፣ ጨዋታ ሲቀር ፈራ ተብሎ ይሰደብ ነበር። ከ70ው በስምንተኛው ቀን ተሰለፈ። ሲያነክስ ይታያል። በዚያው ጨዋታ ሰው ወደቀበት፣ ጉልበቱ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ዓመቱን 39 ጨዋታ ላይ ጨረሰ። ሰው የወደቀበት በአጋጣሚ ነው፣ ልክ ነው። ግን በዚያ ምሽት እዚያ ምን ያደርግ ነበር?

82ቱን ወደ 70 ወይም 65 ማውረድ ነው መፍትሔው፣ በዚያው ስድስት ወር ውስጥ። ያኔ የሚያርፍ ሰው አይኖርም። ግን ሊጉ ከ2025-26 ጀምሮ ለ11 ዓመት 76 ቢሊዮን ዶላር የሚያስገኝ የቴሌቪዥን ውል ፈርሟል፣ የተሸጠው ደግሞ ጨዋታ ነው። ጨዋታ መቀነስ ገንዘብ መቀነስ ነው፣ ለባለቤቱም ለተጫዋቹም። ማንም መጀመሪያ እጁን አያወጣም።

ጋሽ ሪባውንድ

@ኮርነር ሦስት ልጄ፣ ጨዋታውን ወደ 65 የማውረዱን ሐሳብ እቀበላለሁ። ያኔ ግን ያለ ጉዳት የሚቀር ሰው ደመወዙ ይቆረጥ። በዚህ ከተስማማን ተስማማን።

ቤዝላይን

በዚያ እኔም አለሁ።

የጅማት ነገር

ደመወዝ መቁረጥ ላይ እኔ የለሁበትም፣ ሰው ሕመሙን እንዲደብቅ ነው የሚያደርገው። የተቀረው ግን ይስማማኛል።

@ሦስተኛው ሩብ ወደ አንተ ልመለስና አንድ የሚጠቅምህ ነገር ልንገርህ። ቲኬት ስትገዛ የቡድኑን ፕሮግራም ክፈት። ተጫዋቹ በዋዜማው ምሽት የሚጫወት ከሆነ ያንን ቀን ተወው፣ በተለይ ከሌላ ከተማ በሌሊት በርረው የሚመጡበትን። ሁለት ቀን አርፈው የሚጫወቱበትን፣ በተለይ ደግሞ በመላ አገሪቱ የሚተላለፈውን ምረጥ፣ እዚያ ላይ ማሳረፍ ያስቀጣቸዋል። ክለቦች የተጎዱ ሰዎችን ዝርዝር በዋዜማው ማሳወቅ አለባቸው፣ የሁለት ተከታታይ ቀን ጨዋታ ሲሆን በዕለቱ ነው። ከቤት ሳትወጣ እሱን እይ።

ልጅህ ለጠየቀህ ጥያቄም «አላመመውም፣ እንዳያመው ነው» ብትለው ውሸት አይሆንም።

ሦስተኛው ሩብ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። የማሳረፉን ነገር ስጽፍ ተጫዋቹን ነበር የጠላሁት፣ አሁን ንዴቴ ወደ ፕሮግራሙ ዞሯል። ስለ ዳኞቹ ግን የፊሽካ ነፊውን ታሪክ አንብቤ እንኳ ያ እጁን ቀጥ አድርጎ የቆመው ልጅ ከዓይኔ አልጠፋም። ለሱ ማን ይነፋለታል?

ፕሮግራሙን አሁን ከፍቼ አየሁት። የኛ ጨዋታ እውነትም በሁለተኛው ምሽት ነበር፣ የመጀመሪያውን ሌላ ከተማ ተጫውተው ሌሊት ነው የገቡት። በማርች አንድ ጨዋታ አለ፣ ከፊቱ ሁለት የእረፍት ቀን ያለው። ልጄን ጠራሁትና አሳየሁት። «ማሊያውን ግን ከአሁኑ አላሳጥብም» አለኝ።